ስድስት ሞፈር መንገድ

ከጋምቤላ ወደ አቦቦ ሲኬድ ዋናውን መንገድ ለቅቆ ወደ ሰፈራ መንደሮቹ የሚገባ የጭቃ መንገድ አለ። መታጠፊያው ላይ ቀስት የተሳለበት ሰሌዳ ቆሟል፤ «የምንጭ ዙሪያ የእግር ጉዞ መንገድ፣ 30 ደቂቃ» ይላል። ሰሌዳውን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ደቂቃውንም የለካሁት እኔ ነኝ፤ የእጅ ሰዓቴን እያየሁ፣ ፎቶ ለማንሳት እንደሚቆም እንግዳ በየቦታው እየቆምኩ። ዛሬ ሰሌዳውን አምኖ የሚገባ ሰው ቢኖር አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ከቁመቱ በላይ በሆነ ሣር ውስጥ መግቢያ መውጫው ይጠፋዋል። ደግነቱ እስካሁን ያመነው የለም።

እዚያ ሣር ውስጥ የአባቴ ድርሻ ነበረ፤ ስድስት ሞፈር መንገድ። ከእሱ በኋላ የእኔ ሊሆን የሚገባው። እንዴት እንዳጣሁት ነው የምጽፈው። ማንም አልቀማኝም፤ በገዛ እጄ ነው የጣልኩት።

የተወለድኩበት መንደር ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። እናትና አባቴን በድርቁ ዘመን ከወሎ አንስቶ እዚህ ያወረዳቸው መንግሥት ሰዉን ቆጥሮ ስለነበር ያመጣው፣ መንደሩንም ቆጠረው። አባቴ እንደሚያጫውተኝ በመጀመሪያው ዓመት የኩሬ ውሃ እየጠጣ ያለቀው ሰው አገር ቤት በረሃብ ካለቀው አይተናነስም ነበር። በኋላ ከጎረቤት መንደር አንድ የአኙዋ ሰው መጣ። ያኔ እንደ አባቴ ጎልማሳ ነው። የሱ አማርኛ ጥቂት፣ የአባቴ አኙዋኛ ጭራሹን የለም። አባቴን በእጁ ጠቅሶ ወሰደውና ከትልቅ ሾላ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ አሳየው። በመዳፉ ቀድቶ ራሱ ቀድሞ ጠጣ። «ውሃ ለሁሉም ነው» አለው። «መንገድ ግን ሣር የለም። ሣር ካለ፣ እባብ አንተን ቀድሞ ያያል።» አባቴ ይህን ቃል እስኪሞት ድረስ በዚያው ሰውዬ አነጋገር ይደግመው ነበር።

የጋምቤላን ሣር የማያውቅ ሰው ነገሩን ያቀለዋል። ግንቦት ላይ ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ሣር ሐምሌ ላይ ሰው ይውጣል። ስለዚህ የምንጩን መንገድ የመንደሩ ቅሬ ያዘው። ቅሬ በወሎ ሰው አጠራር እድር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ የሞተን የሚቀብርበት፣ ሐዘንተኛን የሚያጽናናበት ማኅበር። መንገዱን ለየቤቱ እናካፍል ሲባል መለኪያ ጠፋ። አባቴ ሞፈሩን ተሸክሞ መጣ። ሞፈሩን የጠረበው በሬ ይሰጣችኋል ተብሎ ነበር። በሬውም እውነትም ተሰጠ፤ ገንዲ የሚሉት በሽታ በአንድ ክረምት ጠራርጎ ፈጀው። ከዚያ ወዲህ መሬቱ የሚቆፈረው በዶማ ነው። ሥራ ፈትቶ ከጣሪያ ሥር ተሰክቶ የነበረው ሞፈር የመንገድ መለኪያ ሆነ። ለእያንዳንዱ ቤት ስድስት ስድስት ሞፈር በዕጣ ተሰጠ፤ ለአባቴ ምንጩ ሊደረስ ሲል መንገዱ የሚታጠፍበት ረግረግ ደረሰው። በዕጣ ቀንቶት እንደማያውቅ በየጊዜው ይናገራል፤ ያችን ረግረግ ግን በሌላ አይለውጣትም ነበር።

ክረምት ሲገባ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ይታጨዳል። ሐሙስ የሆነው አርብ የእስላሙ፣ ቅዳሜና እሁድ የክርስቲያኑ ስለሆነ ነው። ያላጨደ ሰው አይወቀስም፤ ሴቶቹ ውሃ ይዘው ሲመለሱ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው «የነእገሌ ዱር» ብለው ያልፋሉ። እሱ ይበቃዋል፤ በነጋታው ይታጨዳል። ሰው ሲሞት ደግሞ ድርሻው አርባ ቀን አይነካም። «መንገዱም ሐዘንተኛ ነው፣ ጸጉሩን ያሳድግ» ይባላል። በአርባው ማለዳ ልጁ ማጭድ ይዞ ገብቶ ያጭዳል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የቅሬው ሰው ነው፤ ሲሞት የሚቆፍርለት አለው። ድርሻ የሌለው ሰው ግን ቢሞት የሚቆፍርለት ዘመድ ፈልጎ ያምጣ። ከባድ ደንብ ነው፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

እኔ ተማርኩ። ተምሬም ጋምቤላ ከተማ ቱሪዝምን የሚመለከት መሥሪያ ቤት ገባሁ፤ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራየሁ፤ ባጃጅ መጋፋት ለመድኩ። መሥሪያ ቤታችን ብዙ የሚሠራው አልነበረም። ለጎብኚ የሚሆን ነገር አምጡ ሲባል ሁሉም ዝሆንና ጎሽ ይጽፋል፤ ዝሆኑ ግን እንኳን ለጎብኚ ለእኛም ታይቶን አያውቅም። እኔ ምንጩን አመጣሁ። አጭር የእግር ጉዞ፣ የገበሬ ማሳ፣ ሾላ ዛፍ፣ ቀዝቃዛ ውሃ። ሐሳቡ ተወደደ። አንድ የውጭ ድርጅት እናግዝ አለ። እኔም ከመንደሬ ልጆች ተሽዬ ለመንደሬ የሠራሁ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ያን ጊዜ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ዛሬ ሳይ በራሴ አፍራለሁ።

በበጋው ሥራው አለቀ። ዙሪያውን ጠጠር ፈሰሰ፣ ከረግረጉ ላይ የእንጨት ድልድይ ተጋደመ፣ የምንጩ ዓይን በሲሚንቶ ተገነባና ቧንቧ ተገጠመለት። በምረቃው ቀን ሪባን ተቆረጠ። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ መጣ። ድልድዩን በበትሩ መታ መታ አደረገና፣ «የእኔን ረግረግ ጫማ አጠለቁላት» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር፤ ያኔ አልገባኝም።

ከዚያ ደብዳቤውን ጻፍኩ። ለከሰል እያሉ ከመንገዱ ዳር ዛፍ የሚቆርጡ ሰዎች ነበሩና መከልከል ነበረባቸው። እኔ ደግሞ ስጽፍ ነገር ማሳመር እወዳለሁ። «ማንኛውም ሰው በእግር ጉዞው መንገድ ክልል ውስጥ መቁረጥም ሆነ መቆፈር ፈጽሞ የተከለከለ ነው» ብዬ ጻፍኩና ሳነበው ጎደለብኝ። ሁለት ነገር ብቻ ሲሆን አይደምቅም፤ ሦስት ሲሆን ይደምቃል። «ማጨድም» የሚል ጨመርኩበት። ለማማር ብቻ። ኃላፊዬ በሥራ ምክንያት ስላልነበሩ በእሳቸው ተወክዬ እኔው ፈረምኩ፣ ማኅተም ተደረገበት፣ ወደ ቀበሌው ተላከ። በመንደሩ ስብሰባ ላይ ከነፈራሚው ስም ተነበበ።

ሐምሌ ላይ አባቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ከወንድ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ታላቅ እህቴ ከባሏ ተለያይታ ከተመለሰች ወዲህ እሷ ነች ከአባቴ ጋር የምትኖረው። መንገዴን ወደ ምንጩ አደረግኩ። ጠጠሩ የለም፤ ሣር በልቶታል። ድልድዩ የት እንዳለ የሚታወቀው እግር ሲያደናቅፍ ነው። ተናድጄ ወደ ቤት ገባሁ። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጧል፤ ማጭዱ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ዝጓል።

«ምነው አባዬ? ሰው ሁሉ ምን ነካው?»

«ምን ነካው ትላለህ? ከለከልከን።»

«ደብዳቤው እኮ እናንተን አይመለከትም። ከሰል አክሳዮቹን ነው።»

«ማንኛውም ሰው ነው የሚለው። እኛ ሰው አይደለንም?»

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

«እሺ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ አይደል? እኔው እጨዱ እያልኳችሁ ነው።»

«በወረቀት የመጣ በወረቀት ነው የሚሄደው» አለ። «በአፍማ አገር ቤት ሳለን፣ ስትፈልጉ ትመለሳላችሁ ብለውን ነበር።»

ይህን ስህተት ሌላ አገር ያለ ገበሬ የሚሠራው አይመስለኝም። ሌላ ገበሬ ደብዳቤውን ሰምቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ በነጋታው ያጭዳል። የእኛ ሰዎች ግን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከቀያቸው ነቅሎ የጣላቸው ናቸው። መንግሥት እጁን ያሳረፈበትን ነገር አይነኩም፤ ይጠፋል እንጂ አይነኩትም። ጠጠር ሲፈስበት፣ ሰሌዳ ሲቆምበት፣ ደብዳቤ ሲነበብበት መንገዱ ከእነሱ ወጥቶ የመንግሥት ሆነ። መንግሥት ደግሞ መንገዱን ያጭዳል ብለው ጠበቁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

«ሌላ ደብዳቤ ጻፍ» አለኝ አባቴ። «ቅሬው ያጭዳል በል። ያችን ብቻ።»

እሺ አልኩ። ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት። ቢሮ ስመለስ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ያኔ ለድርጅቱ የመጨረሻውን ሪፖርት እየጻፍኩ ነበር። «መንገዱን ማኅበረሰቡ በባለቤትነት ተረክቦ እየተንከባከበው ይገኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር ገብቶበታል፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ማኅበረሰቡን ከማጨድ የከለከለው የእኔ ደብዳቤ ነው ብዬ እንዴት ሌላ ደብዳቤ ልጻፍ? ኃላፊዬ ዘንድ ምን ብዬ ልግባ? ሪፖርቱ ይለፍና እጽፋለሁ አልኩ። ሪፖርቱ አለፈ። እንዲያውም ተመሰገንኩ።

መስከረም ላይ አባቴ ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቀኝ። በእህቴ ስልክ ደውሎ ነው። ስለ ጤናዬ ጠየቀ፣ ስለ ሙቀቱ ጠየቀ፣ ከዚያ «ያች ወረቀትስ?» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት አልኩት። «እንግዲህ» አለ፤ ስልኩን ለእህቴ መለሰላት። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀኝም። ባለመጠየቁ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። ተወው፣ ረሳው አልኩ። አባቴ የሚረሳ ሰው እንዳልነበረ እያወቅሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ቆየ። በዓል ሲሆን እሄድ ነበር። ስኳር፣ ሳሙና፣ አንዳንዴም ጫማ ይዤ እሄዳለሁ፤ አንድ ሌሊት አድሬ እመለሳለሁ። ወደ ምንጩ በኩል ግን ዓይኔንም አላዞርም። አባቴ ስለ በቆሎው ያወራል፣ በአቅራቢያቸው ያለው ግድብ ውሃ የሚደርሰው ለትልልቆቹ የሩዝ እርሻዎች እንጂ ለእነሱ እንዳልሆነ ያወራል። ስለ መንገዱ አንድ ቃል አይወጣውም። እኔም ሰላም የወረደ መስሎኝ ነበር።

በሰኔ መጨረሻ እህቴ ደወለችልኝ፤ አባዬን ሕመሙ በርትቶበታል አለች። በነጋታው ስደርስ አላገኘሁትም። ቅሬው ቀበረው። ቅሬውን የሚመሩት ዳኛ፣ የአባቴ የድሮ ጎረቤት የሆኑ እስላም ሽማግሌ፣ በዚያ ዕድሜያቸው አካፋ ይዘው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርዱ አየሁ። ልቀበላቸው ብል «አንተ ተወው» አሉኝ። ሐዘንተኛ ስለሆንኩ መሰለኝ። ሳምንት ተቀምጬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አርባው የዋለው ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነበር። እስከዚያ ባሉት ቀናት ብዙ አሰብኩ። ደብዳቤ መጻፍ ቢያቅተኝ ማጨድ አያቅተኝም አልኩ። በአርባው ማለዳ የአባቴን ድርሻ አጭዳለሁ፤ ሰዉ ሲያየኝ እሱም ይገባል፤ መንገዱ ይከፈታል። ይህ ሐሳብ ደስ አሰኘኝ። ከከተማ አዲስ ገጀራ ገዛሁ። ዋዜማውን መንደር አድሬ፣ ገና ሲነጋጋ ለማንም ሳልናገር ወጣሁ።

ሰሌዳው ጋ ቆሜ ድርሻዎቹን ቆጠርኩ። የአባቴ ቦታ ዘጠነኛው ነው። ወደ ሣሩ ገብቼ እየቆረጥኩ ሄድኩ። ጠል ሸሚዜን አበሰበሰው፤ ጣቶቼን ሣሩ ሸለቀቃቸው። የድልድዩን እንጨት በእግሬ ሳገኘው ምስጥ በልቶት ተሰበረ። ከድልድዩ ማዶ ያለው የሲሚንቶ ግንብ ደርቋል፤ ከቧንቧው ውስጥ እንሽላሊት ወጣች። ቢሆንም አጨድኩ። እያለቀስኩ ነው ያጨድኩት። ከድርሻው ሦስት ሞፈር ያህል እንዳጨድኩ ከኋላዬ ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው ሰማሁ። የቅሬው ዳኛ ናቸው።

«እንደምን አደርክ ልጄ። ምን እየሠራህ ነው?»

«የአባቴን ድርሻ ነው ጋሼ። ዛሬ አርባው አይደል።»

ያጨድኩትን አዩ። «አይ ልጄ፣ ይሄማ የመንግሥት ነው» አሉ። ስድብ አልነበረበትም፤ እንዲያው ስለማላውቅ የነገሩኝ ነው። «የአባትህ ድርሻ እዚህ አይደለም። ና፣ ላሳይህ።»

ተከተልኳቸው። ሾላውን በስተጀርባ ዞረን፣ በሰው በቆሎ ዳር አልፈን ወረድን። ከሲሚንቶው ቁልቁል ወደ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ከድንጋይ ሥር፣ ውሃው ይፈልቃል። የምንጩን ዓይን ደፍነን ስንሄድ ውሃው ሾልኮ ሌላ በር ፈልጓል። ያገኙት የአኙዋው ሽማግሌ ናቸው፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ መጥተው አባቴን በእጁ ጠቅሰው አሳዩት። ከውሃው እስከ መንደሩ በወዲያኛው ወገን አዲስ መንገድ ወጥቷል። ጠጠር የለውም፣ ሰሌዳ የለውም። ግራ ቀኙ እንደ ተላጨ አገጭ ጥርት ብሎ ታጭዷል። ዳኛው በበትራቸው እየጠቆሙ ነገሩኝ፤ «ይሄ የእኔ፣ ይሄ የእገሌ፣ ይሄ የአኙዋው ሽማግሌ ቤት ድርሻ፤ እሳቸውም አሁን ቅሬው ውስጥ ገብተዋል።» አባቴ ሞፈሩን ይዞ ሙሉውን እንደለካው፣ መንገዱም ከወጣ ሁለተኛ ክረምቱን እንደያዘ ነገሩኝ።

ከዚያ ወዲያ ሣር ያደገበት አንድ ቁራጭ አየሁ። አርባ ቀን ያልተነካ። ዳሩ ላይ እህቴ ጥቁር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የአባቴን ማጭድ ይዛ ታጭዳለች። ግማሹን ጨርሳዋለች።

«አንቺ ነሽ የምታጭጂው?» አልኳት።

ቀና አለች። ገጀራዬን አየችው፣ የደማውን እጄን አየችው። «አባዬ ነው የሰጠኝ» አለች። «ዳኛው ባሉበት።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለእኔ ምንም አልነገረኝም።»

«እንዳልነግርህ ብሎኝ ነው። ‹ወንድምሽ ከጠየቀ ግን ድርሻው የእሱ ነው፣ ስጪው› ብሎኝ ነበር።»

«ምን ብዬ ብጠይቅ?»

«ውሃው ከየት እንደሚመጣ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በመጣሁ ቁጥር፣ ገና ከመቀመጤ እህቴ በጣሳ ውሃ ትሰጠኛለች። ምንጩ ሣር ውስጥ እንደጠፋ አውቃለሁ። የመንደሩ የእጅ ፓምፕ ከተሰበረ ዘመን እንደሆነው አውቃለሁ። ያንን ቀዝቃዛ ውሃ እጠጣለሁ፣ ጣሳውን እመልሳለሁ። አባቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ጠጥቼ እስክጨርስ ያየኛል። ይጠብቀኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም፤ ከጠየቅሁ መንገዱ ይነሳል፣ መንገዱ ከተነሳ ደብዳቤው ይነሳል ብዬ ፈርቼ ነው።

«እሺ፣ ይኸው አሁን ጠየቅሁ» አልኳት።

«አሁን የጠየቅኸው ስለ ድርሻው ነው» አለች። በቁጣ አልነበረም። ጎንበስ ብላ ማጨዷን ቀጠለች። ዳኛውም ጉዳያቸው እንዳለቀ ሰው በትራቸውን አንስተው ወደ መንደር አዘገሙ። የቀረውን ሦስት ሞፈር ቆሜ እያየሁ ጨረሰችው።

ከሰዓት በኋላ የተስካሩ ምግብ ቀረበ። ጾም ስለነበር ሥጋ የለም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ያንኑ ምግብ ይበላል። የቅሬው ሰው በድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጠው በመንገዱ ድርሻ ተራ ነው፤ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ማንም ለማንም አይናገርም። እህቴ መጥታ በአባቴ ቦታ ስትቀመጥ በግራ በቀኟ ያሉት ፈቀቅ አሉላት። እኔ የት እንደምቀመጥ ሳመነታ አንድ አስተናጋጅ ክንዴን በአክብሮት ያዘና በበሩ አጠገብ ከመሥሪያ ቤት ከመጡት ባልደረቦቼ መሐል አስቀመጠኝ። የእጅ ውሃ አመጣልኝ። ሳህኔን ሞልቶ አቀረበና «ይብሉ እንጂ፣ አይፈሩ» አለኝ። ደንቡ ነው፤ ቅድሚያ የሚቀርበው ለእንግዳ ነው።